ስለ ቫራሎ ሐውልቶችና ሥዕሎች፦ ለአንድ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአማርኛ አንባቢዎች ዘንድ በሰፊው የተነበበ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚናገረው በሰሜን ጣሊያን፣ ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ፣ በሴዚያ ወንዝ ሸለቆ ስላለው የቫራሎ ቅዱስ ተራራ ነው፤ ጣሊያኖቹ ሳክሮ ሞንቴ ይሉታል። ጸሐፊው ቦታውን በብዙ ነገር ይነቅፉታል። እንደ እርሳቸው አባባል ተራራው ቱርኮች የኢየሩሳሌምን መንገድ ስለዘጉ የተፈለሰፈ ምትክ ነው፤ ሐውልቶቹ ልብስ የለበሱ የሰም አሻንጉሊቶች ናቸው፤ የግድግዳው ሥዕል ከጀርባቸው የተዘረጋ ማስጌጫ ብቻ ነው፤ ምእመኑ ለሐውልት ይሰግዳል፤ ቤተ ጸሎቶቹን በፍርግርግ አጮልቆ ማየት የሬኔሳንስ (የአውሮፓ የጥበብ ዳግም ልደት ዘመን) ሰው መንፈሳዊነቱን ማጣቱን ያሳያል፤ የተላላጠው ቀለም ታጥቦ እንደገና ሊቀባ ይገባል፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ከኢትዮጵያ ክርስትና ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም።

ቫራሎን የማያውቅ አንባቢ ቦታውን በዚህ ጽሑፍ ብቻ እንዳይመዝነው እንፈልጋለን። ባዚሊካውን (ዋናውን ቤተ ክርስቲያን) ጨምሮ 45 ቤተ ጸሎቶች፣ ከ800 በላይ ሐውልቶችና ወደ 4000 የሚጠጉ በግድግዳ ላይ የተሣሉ ሰዎች ያሉበት ሥፍራ ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2003 ከሌሎች ስምንት የፒየሞንቴና የሎምባርዲያ ቅዱሳን ተራሮች ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመንገዱ መዘጋት እንጀምር፤ ዘመኑ አይገጥምም። በርናርዲኖ ካይሚ የተባለው የሚላን ፍራንሲስካዊ መነኩሴ በቫራሎ ተራራ ላይ ለመገንባት ከጳጳስ ኢኖሰንት 8ኛ ፈቃድ ያገኘው በ1486 ነው። ያን ጊዜ ኢየሩሳሌም በግብፅ ማምሉኮች እጅ ነበረች፤ ኦቶማን ቱርኮች የያዟት ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1516 ነው። ፍራንሲስካውያኑ በጽዮን ተራራ ገዳማቸው ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ካይሚ ራሱም እዚያ አገልግሏል። ከቬኒስ ወደ ያፋ የሚቀዝፉት የተሳላሚ መርከቦችም አልተቋረጡም፤ ፊሊክስ ፋብሪ የተባለው የኡልም ከተማ ዶሚኒካዊ መነኩሴ በ1480 እና በ1483 ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመልሷል። እርግጥ ነው፣ ባሕሩ ያስፈራ ነበር፤ ኦቶማኖች በ1480 የጣሊያኗን ኦትራንቶ መያዛቸውን ሁሉም ሰምቷል። ጉዞውም ውድ ነበር። አደገኛና ውድ መሆን ግን መዘጋት አይደለም።

ካይሚ ለምን እንደገነባ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። በተራራው ላይ ባለው የቅዱስ መቃብር ቤተ ጸሎት በር አጠገብ የ1491 የላቲን ጽሑፍ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዞሮ መድረስ የማይችል ሰው ኢየሩሳሌምን እዚህ ይይ። የታሰበለት ሰው እንግዲህ አቅሙ የማይፈቅድለት ነው፤ ድሃው፣ ሽማግሌው፣ ልጅ የታቀፈችው እናት። ይህ የአሠራሩን መልክ ወስኖታል። ለእንዲህ ያለው ሰው ታሪኩን መንገር ብቻ አይበቃውም፤ ታሪኩንማ በሰንበት ስብከት ይሰማዋል። የጎደለው ቦታው ነው። ስለዚህ መቃብሩ ጎንበስ ብለው በሚገቡበት ዝቅተኛ በርና ጠባብ ክፍል ተሠራ፤ ቤተ ልሔምም ደረጃ ወርደው የሚደርሱበት ዋሻ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ቤተ ጸሎቶች የተደረደሩት እንኳ በታሪኩ ቅደም ተከተል አልነበረም። ናዝሬት በአንድ ወገን፣ ቤተ ልሔም በሌላ፣ ጽዮንና ቀራንዮ ደግሞ ከፍ ባለው በኩል ነበሩ፤ እንደ ቅድስት ሀገር አቀማመጥ መሆኑ ነው። ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ የሚያስኬደው የዛሬው አካሄድ የመጣው አርክቴክቱ ጋሌያሶ አሌሲ በ1560ዎቹ ካወጣው አዲስ እቅድ ወዲህ ነው። ጸሐፊው የተራራው መንገድ «እንደ ተረት መጽሐፍ ገጽ በገጽ ነው» ሲሉ የነቀፉት የካይሚን ሥራ አይደለም፤ ከእርሱ ሞት ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ቆይቶ የተደረገውን ለውጥ ነው።

ወደ ሰሙ እንምጣ። የቫራሎ ሐውልቶች የሰም አይደሉም፤ የቀደሙት በብዛት ከእንጨት፣ ከ16ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ወዲህ ያሉት ደግሞ በብዛት ከተተኮሰ ሸክላ የተሠሩ ናቸው። የአካባቢው ሠዓሊና ቀራጺ ጋውዴንዚዮ ፌራሪ በሁለቱም ሠርቷል። «ልብስ የለበሱ» የሚለው በከፊል እውነት አለው። ከጥንቶቹ የእንጨት ምስሎች ጥቂቶቹ በሙጫና በጄሶ ተነክሮ የደረቀ እውነተኛ ጨርቅ ለብሰዋል፤ በአንዳንዶቹ ራስና አገጭ ላይም እውነተኛ ፀጉር ተተክሏል። በአብዛኞቹ ላይ ግን ልብስ የሚመስለው ሁሉ የተቀረጸና የተቀባ ነው። ፎቶግራፍ ላይ ልዩነቱ አይለይም፤ አጠገቡ ሲቆሙ በደንብ ይለያል።

የሸክላውን ሥራ ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንየው፤ ነቀፋው ያለፈው ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ ከመጠኑ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል። ተተኩሶ ሲወጣ ቁመቱ 1.70 ሜትር እንዲሆን የተፈለገ ወታደር በእርጥቡ ወደ 1.90 ሜትር ሆኖ መቀረጽ አለበት። ፊቱ፣ እጁ፣ ጦር የሚይዝበት ጣቱ ሁሉ በዚያው ልክ። ጭቃው መጀመሪያ ይጣራል፤ ከዚያ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ይደባለቅበታል። ገል የሚጨመረው አንድ ጊዜ ስለተተኮሰ ዳግም ስለማይኮማተር ነው፤ የጭቃውን መኮማተር ይይዛል፣ ስንጥቁን ይቀንሳል።

ሐውልቱ በመደገፊያ ላይ ይቆምና ላዩ ጠንክሮ ውስጡ ገና ለቢላ እሺ በሚልበት ሰዓት ይቆረጣል። የሚቆረጥበት ቦታ ዘፈቀደ አይደለም። ወገቡ በመታጠቂያው ሥር፣ አንገቱ በጥምጥሙ ወይም በካባው አንገትጌ ሥር፣ ክንዱ በእጅጌው እጥፋት ውስጥ ይቆረጣል፤ መገጣጠሚያው በኋላ እንዳይታይ። ከዚያ እያንዳንዱ ቁራጭ ውስጡ ተፍቆ የግድግዳው ውፍረት ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ውፍረቱ እኩል ካልሆነ ስሱ ቀድሞ ይደርቃል፣ ወፍራሙ ኋላ ሲኮማተር ይስበዋል፣ በመሀላቸው ይሰነጠቃል። ሳይፈለፈል የቀረ ድፍን ቦታ ደግሞ እርጥበት ይዞ እቶን ይገባል፤ እርጥበቱ እንፋሎት ሲሆን መውጫ ስለሚያጣ ቁራጩን ያፈነዳዋል። ስለዚህ ቁራጩ በጥላ ሥር ለሳምንታት ይደርቃል፤ እሳቱም መጀመሪያ ላይ ለስላሳ ይሆንና ቀስ እያለ ወደ 900 እና 1000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሀል ይደርሳል።

ከእሳት በኋላም የሚመጣ ጣጣ አለ። ጭቃው ውስጥ የኖራ ድንጋይ ጠጠር ካመለጠ በእሳቱ ወደ ጥሬ ኖራነት ይለወጣል። ሐውልቱ ወጥቶ፣ ተገጣጥሞ፣ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። ኖራው ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ሲያብጥ ላይ ያለውን ሸክላ ገፍቶ እንደ ሳንቲም ያለ ቅርፊት ያስፈነጥራል። በሸክላ ጉንጭና ግንባር ላይ የሚታዩ አንዳንድ ክብ ጎድጓዳ ቦታዎች መንስኤያቸው ይህ ነው፤ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ሰው የወረወረው ድንጋይ ውጤት ይመስለዋል።

ቁርጥራጮቹ በጄሶና በብረት ማያያዣ ይገጠማሉ፣ ስፌቱ ይደፈናል፣ ላዩ በሙጫና በጄሶ ይለሰናል፣ በመጨረሻም ይቀባል። የፊት ቀለም አንድ ወጥ አይደለም፤ ከሥር ቀዝቃዛ አረንጓዴ ወይም ግራጫ፣ በላዩ ሞቃት ቀይ፣ በጢም አካባቢ ሰማያዊ ቃና ይደረባል። ይህ የሠዓሊ ሙያ ነው። የሰም ምስል ሥጋ የሚመስለው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ነው፤ ሸክላ አንዳች ብርሃን አያሳልፍም። ቫራሎ ላይ ሥጋ የሚመስለው ቀለሙ ብቻ ነው፤ ሐውልቱን የጨረሰው ብሩሽ ነው ማለት ነው።

ከጽሑፉ ሁሉ በጣም የምንቃወመው ሥዕሉ ማስጌጫ ነው የሚለውን ነው። የጋውዴንዚዮን ማንነት የሚክድ አባባል ነው። ጋውዴንዚዮ ፌራሪ የተወለደው ከቫራሎ ብዙም በማትርቅ ቫልዱጃ በምትባል መንደር ነው። ከተራራው ግርጌ ባለችው የሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራትሲዬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕዝቡን ከመነኮሳቱ መዘምራን የሚለይ ከፍ ያለ ግድግዳ አለ፤ በ1513 የክርስቶስን ሕይወት በ21 ክፍል ሥሎበታል። 20ዎቹ ትናንሽ ናቸው፤ መሀል ላይ ያለው ስቅለት ከሁሉ ይተልቃል። እዚያ ግድግዳ ላይ የወታደሮቹን የራስ ቁርና ጥሩር ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ቀለም ብቻ እንዳልሆኑ ይገነዘባል። ከልስኑ ወጣ ብለው በቅርጽ ተሠርተዋል፤ ከጎን ብርሃን ሲያርፍባቸው የራሳቸውን ጥላ ይጥላሉ። ሰውየው ገና ግድግዳ ላይ ሳለ ሥዕሉን ወደ ቤቱ ውስጥ ማውጣት ጀምሯል።

በተራራው ላይ፣ በ1520 አካባቢ በሠራው የስቅለት ቤተ ጸሎት፣ ይህንኑ ሙሉ ለሙሉ አደረገው። መሀል ላይ ሦስቱ መስቀሎች ቆመዋል፤ ከሥራቸው ወታደሮች፣ ፈረሶች፣ ዕጣ የሚጣጣሉት፣ የሚያለቅሱት ሴቶች በሙሉ ቁመና ተቀርጸው አሉ። ከእነርሱ በስተኋላ ያው ሕዝብ በግድግዳው ላይ ይቀጥላል። በዚያው የልብስ ዓይነት፣ በዚያው ባርኔጣ፣ በዚያው የሰው መጠን። ከፊትና ከኋላ ባሉት መሀል ደግሞ ከግድግዳው ከፊል የወጡ አሉ። ጣሪያው ላይ መላእክት ያለቅሳሉ። ዓይን ከሐውልቱ ተነስቶ ወደ ሥዕሉ ሲሄድ የሚሰናከልበት ወሰን ተነስቶለታል።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ እናስብ። ፍሬስኮ የሚሣለው ገና ባልደረቀ የኖራ ልስን ላይ ነው። የተቃጠለው ኖራ ውሃ ጠጥቶ ለወራት ይቆያል። መጀመሪያ ሻካራው ልስን፣ አንድ እጅ ኖራ ከሁለት ወይም ከሦስት እጅ አሸዋ ጋር፣ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይለሰናል፤ ይደርቃል፤ ንድፉ ይወጣበታል። ከዚያ በየማለዳው ሠዓሊው በዚያ ቀን ሊጨርስ የሚችለው ቦታ ብቻ በጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት በለሰለሰው ልስን ይሸፈናል። ቀለሙ ውስጥ ማጣበቂያ የለም፤ ውሃና የቀለም ዱቄት ብቻ ነው። ልስኑ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ ቀለሙን አብሮ ይይዘዋል። ሰዓቱ ካለፈ አይይዘውም፤ ትርፍ ልስኑ ተቆርጦ ይጣላል። የየቀኑ ሥራ ስፌት ከጎን መብራት ሲያበሩበት ዛሬም ይታያል፤ አንድ ፊት ብቻውን አንድ ቀን ሲፈጅ፣ ሰፊ ሰማይ በአንድ ቀን ሲያልቅ።

ሥራው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ልስንም ቀለምም ወደ ታች ይንጠባጠባልና። መወጣጫ የተተከለበት፣ ኖራ የሚረጭበት ክፍል ውስጥ ደግሞ የተቀባ ሐውልት አይቆምም። እንግዲህ ግድግዳው መቅደም አለበት፤ ግን የግድግዳው ፈረሰኛ ወዴት እንደሚያይ፣ የትኛው የተሣለ ሰው በሐውልት ተከልሎ የትኛው በሁለት ሐውልቶች መሀል አሾልኮ እንደሚታይ፣ ሐውልቶቹ ከመቆማቸው በፊት መታወቅ አለበት። ይህን ለማድረግ ወለሉንና ግድግዳውን ባንድ ጊዜ የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል። ማስጌጫ ቢሆን ኖሮ መጋረጃውን ቀይሮ ሐውልቶቹን መተው ይቻል ነበር። የስቅለቱን ግድግዳ ነጭ ቀቡት እንበል፤ የሚቀረው በባዶ ክፍል የተበታተነ የወታደር ጥርቅም ነው።

ስግደቱን በተመለከተ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ጸሐፊው የተነሱት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ነውና። ሥርዓቱ ለሥዕል እንጂ በዙሪያው ለተቀረጸ ሐውልት ቦታ እንደማይሰጥ እናውቃለን፤ በዚያ ላይ ክርክር የለንም። የምንከራከረው ቫራሎ ላይ ምን ይደረጋል በሚለው ላይ ነው። በአብዛኞቹ ቤተ ጸሎቶች ያሉት ሐውልቶች በመንበር ላይ ለአምልኮ የቆሙ አይደሉም። ዕጣ ለሚጣጣል ወታደር፣ ለጲላጦስ አሽከር፣ ለፈረስ ማን ይሰግዳል? ተሳላሚው ከትዕይንቱ ፊት ቆሞ ያስባል፣ ይጸልያል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤም በታኅሣሥ 1563 ክብሩ ለምስሉ ግዑዝ አካል ሳይሆን ምስሉ ለሚወክለው መሆኑን ደንግጓል፤ ይህን አስተምህሮ የሥዕል አክብሮት ያለው የተዋሕዶ አንባቢም አይስተውም። በዓርብ ስቅለት በሥዕለ ስቅለት ፊት የሚሰግድ ምእመን ለእንጨቱና ለቀለሙ አይሰግድም።

የሚከበሩ ምስሎች አሉ? አዎ፣ አሉ። በባዚሊካው ሥር ባለው ክፍል ያለችው ያንቀላፋች እመቤታችን ምስል ፊት ሰዎች ይንበረከካሉ፤ በመቃብሩ ውስጥ የተጋደመው የክርስቶስ ምስልም እንዲሁ። የሚላኑ ሊቀ ጳጳስ ካርሎ ቦሮሜዮ በ1578 እና በሞተበት ዓመት በ1584 ወደ ተራራው ወጥቶ በእነዚህ ቤተ ጸሎቶች ሲጸልይ ቆይቷል። ጸሐፊው እነዚህን ሁለት ምስሎች ለይተው ቢነቅፉ ኖሮ ውይይቱ ሥነ መለኮታዊ ይሆን ነበር። ስምንት መቶውን በአንድ ቃል ጣዖት ማለት ግን ቦታውን አለማየት ነው።

በፍርግርግ ማየቱ የሬኔሳንስ አይደለም። በጋውዴንዚዮ ዘመን ሰው ወደ ቤተ ጸሎቱ ይገባ፣ በሐውልቶቹ መሀል ይቆም ነበር። ፍርግርጉ የመጣው ከአሌሲ እቅድ ወዲህ ነው፤ በተለይ ከ1593 ጀምሮ የኖቫራ ጳጳስ የነበረው ካርሎ ባስካፔ ተራራውን በጥብቅ ሲቆጣጠር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የሰው እጅ ያበላሽ ነበር፤ የጎብኚዎች ስምና ዓመት በሥዕሎቹ ላይ ተቧጭሮ ይገኛል። ጸሐፊው ስለ ጭካኔው የገለጹት የሕፃናት እልቂት ትዕይንትም የተሠራው በ16ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ነው። ወደ ቀራንዮ የመውጣቱ ትዕይንት ታባኬቲ በሚባለው፣ በዛሬዋ ቤልጂየም በምትገኘው በዲናን ተወላጅ በዣን ደ ዌስፒን በ1600 አካባቢ ተቀርጿል፤ የቀራጺው የጆቫኒ ዴንሪኮ፣ የሠዓሊዎቹ የታንሲዮና የሞራሶኔ ሥራዎች ደግሞ በአብዛኛው የ17ኛው ምእት ዓመት ናቸው። እነዚህን ሁሉ ሬኔሳንስ ብሎ መጥራት አይቻልም።

በነገራችን ላይ ጸሐፊው ቫራሎን መንቀፍ ከፈለጉ ያለፉት እውነተኛ ነቀፌታ አለ። በሕማማቱ ትዕይንቶች ውስጥ ክርስቶስን ከሚያሠቃዩት መሀል እንቅርት ያለባቸው ሰዎች ተቀርጸዋል። እንቅርት በእነዚያ የአልፕስ ሸለቆዎች የተለመደ በሽታ ነበር፤ መንስኤው የአዮዲን እጥረት ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋ ሰው በደንብ ያውቀዋል። የታመመን ጎረቤት ለክፋት ምልክትነት መጠቀም በደል ነው። የአይሁድ ሕዝብ ገጽታም በአንዳንዶቹ ትዕይንቶች ሆን ተብሎ አስቀያሚ ተደርጓል፤ ይህም በዘመኑ አውሮፓ አይሁድ ላይ ከተፈጸመው ተለይቶ አይታይም። የሥራውን ጥበብ የምናደንቅ ሰዎች ይህን ሳንሸሽግ መናገር አለብን።

አደገኛው ምክራቸው ታጥቦ ይቀባ የሚለው ነው፤ በየትም ሀገር ባለ ቤተ ክርስቲያን ይህን ምክር የሚሰማ ኃላፊ እንዳይኖር እንመኛለን። በፍሬስኮ ላይ ሁሉም ቀለም እርጥቡ ላይ አይሣልም። የአፈር ቀለሞች፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቡናማ፣ ኖራውን ይችላሉ። አዙራይት ከተባለ ማዕድን የሚገኘው ሰማያዊ ግን በብዛት የሚቀባው ልስኑ ከደረቀ በኋላ፣ በሙጫ ወይም በእንቁላል ተለውሶ ነው። በውሃ የራሰ ስፖንጅ የእመቤታችን መጎናጸፊያ ላይ ሲያርፍ የሚነሳው አቧራው ብቻ አይደለም፤ ሰማያዊው ራሱ ነው። ወርቁም እንዲሁ። የሐውልቶቹ የጄሶ መደብም በውሃ ይለሰልሳል፤ ሙጫው ሲፈታ ቀለሙ ከነመደቡ ይነሳል።

የመላላጡ ምክንያት ደግሞ ከቀለሙ አይደለም። ቫራሎ ቀዝቃዛ ተራራ ነው፤ ዝናቡም ብዙ ነው። ውሃ በጣሪያ ወይም ከመሠረቱ ወደ ግድግዳው ይገባል፤ ሲገባ ጨው ያሟሟል፣ በልስኑ ላይ ሲተን ጨውን ጥሎ ይሄዳል። ጨው ክሪስታል ሲሆን ይሰፋል፤ ከቀለሙ ሥር ሆኖ ልስኑን ያበጠዋል፣ ይገፋዋል። በላዩ አዲስ ቀለም መቀባት መውጫውን መዝጋት ነው፤ ጨው ጠለቅ ብሎ ይሠራና በሚቀጥለው ጊዜ የሚወድቀው ቀለም ብቻ ሳይሆን ልስኑም ይሆናል። ቀዳዳን በሲሚንቶ መድፈንም ያባብሰዋል፤ ሲሚንቶ ራሱ የሚሟሟ ጨው ያመጣል፣ ከኖራውም በላይ ይጠነክራል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከውጭ ይጀምራል፦ ጣሪያው፣ አሸንዳው፣ በመሠረቱ ዙሪያ ያለው ውሃ። ቀጥሎ ግድግዳው ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተዋል፤ ባንድ ጊዜ ማሞቅ ጨውን ወደ ላይ ይጎትታል። ከዚያ የተነሳውን ልስን በጣት አንጓ ቀስ እያሉ መታ መታ አድርጎ በድምፁ መለየት፤ ባዶ የሚጮኸው ከኋላው ተለያይቷል። በዚያ በኩል በቀጭን መርፌ የኖራ ቅልቅል ይገባበትና በቀስታ ይደገፋል። ጠፍቶ የቀረው ቦታ በኋለኛው ዘመን ጠጋኝ እጅ እንዳይሸፈን፣ ከሩቅ ዓይንን የማይረብሽ ከቅርብ ግን የሚለይ ቀላል ቃና ይሰጠዋል። በሐውልቶቹም ላይ እንዲሁ ነው፤ ኋላ የተቀቡ ንብርብሮች ስላሉባቸው ማንሳት የሚቻለው የትኛው የማን እንደሆነ ከተለየ በኋላ ብቻ ነው።

በመጨረሻ፣ ዝምድና የለውም ስለተባለው። ቫራሎ ከኢትዮጵያ ተቀዳ፣ ወይም ኢትዮጵያ ከቫራሎ ተቀዳች አንልም። ካይሚ ቤተ ጸሎቶቹን ሲያቆም የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከ200 ዓመት በላይ የሆናቸው ነበሩ፤ ጎልጎታ፣ ዮርዳኖስ የሚሉ ስሞችም ለዓለት ፍልፍሉ ሥፍራ በኢትዮጵያውያን ተሰጥተዋል። ኢየሩሳሌም ሩቅ ለሆነበት ክርስቲያን ቦታውን ማቅረብ ሁለቱም ሕዝቦች በየራሳቸው የደረሱበት ነገር ነው። ካይሚ ባገለገለበት በኢየሩሳሌም ደግሞ በዚያው ዘመን በቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የኢትዮጵያ መነኮሳት ይኖሩና ያገለግሉ ነበር። በሮም፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንም የኢትዮጵያውያን መቀመጫ የሆነው በ15ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው።

ቅርቡ ማስረጃ ግን ሥዕሉ ነው። ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለው የቬኒስ ሠዓሊ ካይሚ ተራራውን በሚጀምርበት አካባቢ ኢትዮጵያ ገብቶ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በነገሥታቱ ግቢ ሲሥል ኖሯል፤ በ1520ዎቹ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አግኝቶታል። ያ ጊዜ ጋውዴንዚዮ በቫራሎ ላይ የሚሠራበት ዘመን ነው። «ኩርዓተ ርእሱ» ተብሎ ነገሥታቱ በዘመቻ ይዘውት ይወጡ የነበረውና በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈው የእሾህ አክሊል የደፋ ክርስቶስ ሥዕልም በአውሮፓዊ ሠዓሊ የተሠራ የ16ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ከዚህ ሥዕል የወረሱት ብዙ ነው፤ ሐውልቱን ግን አልወሰዱም።

እንዲያም ሆኖ፣ ቅርጽ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ ነው የሚለውን የጸሐፊውን ዓረፍተ ነገር መቀበል አይቻልም። በላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ውስጥ በሰው ቁመት ልክ ከግድግዳው ወጣ ብለው የተቀረጹ ሰባት የቅዱሳን ምስሎች አሉ። ፊታቸው ወደ ምእመኑ፣ ጀርባቸው ከዓለቱ ያልተለየ።